የልጄን ዝምታ በሰዓት ለለኩት ሊቅ

ቡታጅራ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ከአዲስ አበባ ድረስ ደክመው መጥተው የልጆቻችንን አእምሮ ለለኩልን የሥነ ልቡና ሊቅ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ያ የኪስ ሰዓትዎስ ደኅና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ቤታችን ውስጥ ካለው ነገር በቀር ደኅና ነን።

አስቀድሜ የማመሰግንዎ፣ ዘጠኝ ዓመት ያሳደግኋትን ልጄን ሰፍያን ገና ወንበርዎ ሳይሞቅ መርምረው የአእምሮዋ ዕድሜ አራት መሆኑን ስለነገሩን ነው። አባቷ ሆኜ ይህን ሳላውቅ መኖሬ ያሳፍራል። ርእሰ መምህሩም ቃልዎን አክብረው በማግስቱ ከትምህርት ቤት አሰናብተዋታል። ይሁንና ጥቂት ነገር እንዳመለክት ይፈቀድልኝ።

፩ኛ/ በእኛ ቤት ልጅ ታላቅ ሲጠይቀው ተሽቀዳድሞ አይመልስም። አንገቱን ደፍቶ ይቆያል፤ የጠየቀው ሰው «እሺ፣ ተናገር» ሲለው ነው አፉን የሚከፍተው። ሰፍያ የእርስዎን ፈቃድ ስትጠብቅ፣ እርስዎም ሰዓትዎን ይዘው እሷን ሲጠብቁ ጊዜው አለቀ። አክብሮትን በደቂቃ የሚለካ ሰው በዓይኔ በማየቴ ዕድለኛ ነኝ።

፪ኛ/ የቤት ሥዕል አሳይተው ምን እንደጎደለው ጠየቋት። ትክክለኛው መልስ የጭስ መውጫ ነው ተባለ። የእኛ ቤት ጭስ በሣር ክዳኑ መሐል ሰርጎ ስለሚወጣ ይህን ዕውቀት ከየት እንደምታመጣው አላውቅም። ሰዓቱን ኪስዎ ከከተቱ በኋላ ግን ልጄ ቀስ ብላ «ሰው የለበትም» ስትል በትምህርት ቤቱ ክፍል በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። እርስዎ ወረቀትዎን እየሰበሰቡ ነበር።

፫ኛ/ ድምፅዎን እኛ ዘንድ ረስተው ሄደዋል። ሰፍያ ከዚያን ቀን ወዲህ ከእኛ ጋር አትነጋገርም። ብቻዋን የሆነች ሲመስላት ግን ከጓዳ የእርስዎ አነጋገር ይሰማል፦ «ይህ ምንድን ነው? ቶሎ በይ! ጊዜው አለቀ።» ገብቼ ሳይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ትጠይቃለች እንጂ አትመልስም። እናቷ ያን ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ትጥላለች። እኔም እፈራለሁ፤ የገዛ ልጄን እፈራለሁ።

ካሳ አልጠይቅም፤ ውጤቱም ይቅር። ብቻ አንድ ቀን መንገድዎ በዚህ ሲሆን ብቅ ብለው «እሺ ልጄ፣ ተናገሪ» ይበሏት። እኔማ ስንቴ አልኳት፤ ግን የጠየቃት እኔ አይደለሁም።

ለዕውቀትዎ ጥልቀት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የአእምሮው ዕድሜ ገና ያልተለካ፣

ሙስተፋ ከማሉ
በቡታጅራ ገበያ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ የሰፍያ ታናሽ እህት ከድጄ በሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤት ትገባለች። ደስ ይበልዎ፣ እሷ እንኳ ፈጣን ናት። ትናንት ገና ስሟን ስጠራት፣ ምንም ሳልጠይቃት፣ «አላውቅም» አለችኝ።