የባዝ መንገዶችና ደጄ ላይ የቆሙት ሦስት ሰዎች

ውድ ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የሙት ዓመት ተዝካርህን አውጥተናል፤ ሰዉም እንግዲህ ይበቃሻል፣ ጥቁሩን አውልቂ ብሎኝ አውልቄያለሁ። ፍርሃቴን አውልቂ ያለኝ ግን የለም፤ ቢለኝም የምሰማው አይመስለኝም። በሕይወት ሳለህ ከራሷ ጥላ ጋር የምትጣላ ሴት እያልክ ስትስቅብኝ እቆጣህ ነበር። አሁን ብታየኝ የምትስቅ አይመስለኝም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጓሮ የተከልከው ሮማን በዚህ ሁሉ ሙቀት አፍርቶ ቅርንጫፉ መሬት ሊነካ ደርሷል፤ ግማሹን ወፍ በላው። እኔ ሆቴሉ ውስጥ ወደ ጠዋት ሺፍት ተዛውሬያለሁ፣ ኦቨርታይምም ትቻለሁ። ወደ ሥራ ስሄድ በሎን ማውንቴን ተራራ ሥር ብስክሌት በምትነዳበት መንገድ አልሄድም፣ ዞሬ ነው የምሄደው። ሩብ ሰዓት ይጨምርብኛል። ይጨምርብኝ።

ብስክሌትህ ጋራዥ ውስጥ ናት፣ ጎማዋ ተንፍሷል። ሶስና ልንፋው ስትለኝ አይሆንም አልኳት። ከተነፋ የሚነዳት ሰው ይመጣል ብዬ ነው። ልጅህን ታውቃታለህ፣ ግንባሯም እግሯም ያንተ ነው።

አሁን የምጽፍልህም በእሷ ጉዳይ ነው። ያቺ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ታክሲህ ውስጥ ረስቷት የሄደው ቀጭን መጽሐፍ ናት ያመጣችብን። እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ጥንታዊ የፍል ውሃ ከተማ ዙሪያ በብስክሌት የሚኬድባቸውን አራት መንገዶች የምታሳየዋ። ለጠፋ ዕቃ ክፍል አስረክበህ፣ ባለቤቷ ሳይጠይቃት ቀርቶ ላንተው ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ኤርፖርት ተሳፋሪ ለመጫን ተሰልፈህ ስትጠብቅ ሌላ ነገር አንብበህ ታውቃለህ? ሰው ያቺን ከተማ ንጉሡ በስደት ዘመናቸው የተቀመጡባት ብሎ ነው የሚያውቃት። አንተ ግን ስለ ንጉሡ ሲያወሩህ፣ የድሮ ባቡር መንገድ ነው፣ ሜዳ ነው፣ መኪና አይገባበትም ብለህ ትመልሳለህ። ጡረታ ስትወጣ አራቱንም መንገድ ልትሄድ ነበር። የቀረህ ሦስት ወር ነበር።

እኔንም ይዘኸኝ ልትሄድ አስበህ ነበር መሰለኝ። ገና እንደተጋባን፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ያለው አፓርትመንት ስንኖር፣ ከኋላ ባለው ባዶ ፓርኪንግ ብስክሌት ልታስተምረኝ የሞከርክበት ቀን ትዝ ይለኛል። ኮርቻውን ይዘህ ከኋላዬ ትሮጣለህ፣ እኔ እጮኻለሁ። አልለቀቅኩሽም እያልክ ለቀኸኝ፣ ዞር ብዬ ስመለከት ሩቅ ቆመህ አየሁህና የቆሻሻ ገንዳ ላይ ሄጄ ተላተምኩ። ጉልበቴን ስታጥብልኝ እየሳቅክ ነበር። ሁለተኛ ብስክሌት ላይ አልወጣም ብዬ ማልኩ፣ መሐላዬንም ጠበቅሁ። ባላስፈላጊ ነገር ጽኑ ነኝ፣ ምን ታደርገዋለህ።

እንግዲህ ሶስና ባለፈው ወር ዕረፍት ወሰድኩ፣ የአባን መንገዶች ሄጄ እነዳቸዋለሁ አለችኝ። መጽሐፏን ከአንሶላ መሃል ደበቅኳት። አዎ፣ ይህን አድርጌያለሁ። ልጅቷ ለካ ገጹን ሁሉ በስልኳ ፎቶ አንስታው ኖሯል። ስትስቅብኝ ልክ አንተን ሆነች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ያን ቀን ጠዋት አልረሳሁትም።

ያን ቀን ሙቀቱ ሳይመጣ ብለህ ጎህ ሳይቀድ ከበቀለ ጋር በብስክሌት ወጣህ። ከሱዳን ስደት ጀምሮ ያልተለየህ በቀለ። መኪናዋ የመታችህ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እነሱ በሬን ያንኳኩት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ስከፍት በቀለ፣ የሶስና ክርስትና እናት አስካለ፣ ቄሱም ከኋላቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። በስልክ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ በጠዋት ደጅ ይቆማል።

ለበቀለ ይቅር የማልለው ግን ያንን ሦስት ሰዓት ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንተ የለህም፣ እኔ ግን ከሰዓት ሥራ የምትገባበትን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ኮሌታው አልስተካከል ብሎኝ ሁለቴ ውሃ ረጨሁበት። በቀለ ያኔውኑ ቢደውልልኝ እጅህን ሳይቀዘቅዝ እይዘው ነበር እያልኩ ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም። በተዝካርህ ቀን ሊያናግረኝ ቀርቦ ፊቴን አዞርኩበት። ሰዉ ሁሉ አየ።

ሶስና ሐሙስ ባዝ ደረሰች። አርብ የመጀመሪያውን መንገድ ሄደች፣ ያንተን የባቡር መንገድ። ፎቶ ላከችልኝ፤ ከግራ ከቀኝ ዛፍ፣ መሃሉ አስፋልት፣ አንድ አሮጌ ጣቢያ ላይ ሻይ የሚሸጡ ሰዎች። እውነትም መኪና የለም። እኔ ግን ፎቶውን አስፍቼ ከዛፉ ኋላ መኪና ስፈልግ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ በቦዩ ዳር ሄደች። ውሃው ላይ ረዣዥም ጠባብ ጀልባዎች ቆመዋል፣ ሰው ይኖርባቸዋል አለችኝ፤ ጣራቸው ላይ አበባ ተክለዋል፣ እንጨት ከምረዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ አንድ ወገኑ ውሃ ነው። ዋና እንደምትችል አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ቢሆንም ጠየቅኋት። በአንድ ቦታ ላይ ቦዩ ራሱ በድልድይ ላይ ሆኖ ከወንዝ በላይ ያልፋል። ውሃ በውሃ ላይ፣ ጀልባ በአየር ላይ። ይህንን ባትነግረኝ ይሻል ነበር።

ማታውን ከተማዋ መሃል ካለው ፍል ውሃ በብርጭቆ ቀድተውላት ቀመሰች። ለብ ያለ፣ ብረት ብረት የሚል ነው አለችኝ። ጠበል ነው ብለሽ ጠጪው፣ ፊትሽንም አስነኪው አልኳት። እሺ ማሚ አለችኝ። እንዳላደረገችው አውቃለሁ።

እሁድ ሦስተኛው መንገድ ነበር፣ መጽሐፏ ውስጥ በቀይ የከበብከው። ሁለት የባቡር ዋሻዎች የሚታለፉበት። ትልቁ ከአንድ ማይል በላይ ነው፤ መሃሉ ላይ ሙዚቃ እንደሚሰማ ስትነግረኝ አላመንኩህም ነበር። እዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠዋት፣ እዚያ ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ አንድ መልእክት ላከች። ዋሻው ውስጥ ልገባ ነው፣ ስልክ አይሠራም፣ ስወጣ እደውላለሁ ይላል።

ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ማይል መንገድ በእግርስ ቢኬድ ስንት ይፈጃል? ደወልኩ፣ አይጠራም። እንደገና ደወልኩ። ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ለብሼ ነበር፣ ጫማዬን አውልቄ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቴ፤ ያን ጠዋት ከዚህ ሌላ የማስታውሰው ተረት አልነበረም። ዋሻው ውስጥ ወድቃ አየኋት። ጨለማ ውስጥ ሙዚቃው እየተሰማ። ከዚያ ሌላ ፍርሃት መጣ፤ አሁን ስልኩ ይጮኻል፣ አንስቼ የማላውቀው ሰው በእንግሊዝኛ ስሜን ያጣራል። ይህንን መስማት አልችልም አልኩ። ምን እንዳደረግሁ ልንገርህና ታዘበኝ፤ ስልኬን አጠፋሁት። አጥፍቼም መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰው ካልነገረኝ ልጄ አልሞተችም።

አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ።

በመስኮቱ መጋረጃ ጠርዝ አየሁ። አስካለ። ቄሱ። ከኋላቸው በቀለ። ሦስቱም ነጠላ ለብሰዋል።

ግርማ፣ እንዴት አድርጌ ልጻፍልህ። በሩን አልከፈትኩም፣ ሥሩ ቁጭ አልኩ። አለመክፈት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ፣ ካልከፈትኩ አይገቡም፣ ካልገቡ አይነግሩኝም። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ፤ የራሴው ነው። ደረቴን እየመታሁ የልጄን ስም እጠራለሁ። ጎረቤቶቹ አሜሪካኖች ሁሉ ወጥተው ነበር አሉ። አስካለ በበሩ ስንጥቅ አፏን አስጠግታ የምትለውን መስማት ጊዜ ወሰደብኝ።

"ደህና ናት፣ አስቴር። ልጅሽ ደህና ናት። አንቺ ስልክሽን ዘግተሽ ጨነቃት እንጂ እሷስ ደህና ናት።"

ነገሩ ይህ ነው። የሶስና ስልክ ዋሻው ውስጥ ባትሪ ጨረሰ። ወጥታ፣ ሻይ ቤት ፈልጋ፣ ቻርጅ አድርጋ ስትደውልልኝ የኔ ዝግ ነው። ደጋግማ ሞከረች። ማሚ አንድ ነገር ሆናለች ብላ አስካለ ጋ ደወለች። አስካለ ቅዳሴ ላይ ነበረች። ስትወጣ ጥሪውን አይታ ደነገጠች፤ መኪናዋ ጋራዥ ስለገባ በበቀለ መኪና ነበር የመጣችው፣ ቄሱም ወደ ቤታቸው ሊያደርሳቸው ተሳፍረው ነበር። ሁሉም ከቅዳሴ እንደወጡ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ በቀጥታ እኔ ጋ። ሞታለች ብለው የፈሩት እኔን ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፣ እኔ ደግሞ ልጡን ራሴ ደጄ ድረስ ጠራሁት።

በአስካለ ስልክ አናገረችኝ። ታለቅሳለች። "ማሚ፣ ዶንት ዱ ዛት አጌን። ዋሻው ምንም አያስፈራም፣ መብራት አለው፣ አባ እንዳለው ሙዚቃ አለው" አለችኝ። እሺ አልኳት።

አስካለ ውሃ ልታመጣልኝ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፣ ቄሱም ጸሎት ጀመሩ። በቀለ ግን ደጁ ላይ እንደቆመ ቀረ። ግባ ያለው የለም። ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ ያን ያህል ማርጀቱን አላየሁም ነበር። ግባ አልኩት። ገብቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ውስጤ የተቀመጠው ከአፌ ወጣ፤ ሦስት ሰዓት ለምን አስጠበቅከኝ አልኩት።

በነጠላው ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ እንዲህ አለኝ። "መንገዱ ዳር ራሱን ታቅፌው ነበር። 'አስቴርን እንዳታስደነግጧት' አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ስልክ ብደውልልሽ ብቻሽን ነሽ፣ ብቻዬን ብመጣ አልችልም። ሳላስደነግጥሽ እንዴት እንደምነግርሽ ሳስብ ነው ሦስት ሰዓት የሄደው።"

አየህ፣ እኔ የጠላሁት ያንተን ኑዛዜ ነበር። ዓመት ሙሉ የረገምኩት ሦስት ሰዓት የመጨረሻ ቃልህ የተፈጸመበት ሰዓት ነበር። በቀለን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ አስካለ ውሃውን ይዛ ስትመለስ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ነበርን። ቄሱ ጸሎታቸውን አላቋረጡም። ስናበቃ፣ ለወደፊቱ ምንም ነገር ቢመጣ ብቻህን ና፣ ቶሎም ና አልኩት። እሺ አለኝ።

ሶስና ገና አንድ መንገድ ይቀራታል፤ ከከተማዋ በላይ ያሉትን ዳገቶች የሚዞረው፣ መኪናም የሚያልፍበት። ነይ ወደ ቤትሽ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ይህንን ስጽፍልህ እሷ እየነዳች ነው። ከመንገዱ ይልቅ እኔ ነኝ የምትወጣው ዳገት፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም፣ እንዳትነግርብኝ።

አልረሳህም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ባሏን የምትረሳ ማን ናት። እኔ የማስታውስልህ ያቺን አንዲት ቃልህን ነው። አለመደንገጥ አልችልም፣ ግርማዬ፣ ያን አልዋሽህም። ስልኩ ግን ከፊቴ ክፍት ነው። ሲጮኽ እደነግጣለሁ፤ ደንግጬ አነሳዋለሁ።

ያንተው አስቴር