አራት መቶ አሥራ ሁለት አጫጭር ኮዶች ያኖሩልን የእህታችን የሕይወት ታሪክ

ካፊያው ባባራበት ማለዳ፣ ልክ አንድ ሰዓት ላይ፣ ታላቅ እህታችን ከሒሳብ መምህር አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን ሚያዝያ 9 ቀን 1964 ዓ.ም. ተወለዱ።

እናታችን ከካርቶን የቆረጧቸውን የኮሌታና የእጅጌ ልኮች በክር አስረው ከስፌት መኪናቸው በላይ ካለው ምስማር ላይ ይሰቅሉ ነበር፤ አንዱን ኮሌታ ሁለት ጊዜ መለካት አይወዱም። እህታችን የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ከዚያ ምስማር ሥር ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን አጠናቀው፣ በ1986 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ለሆስፒታሎች ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት ተቀጥረው ሠላሳ ዓመት አገለገሉ። በ1988 ዓ.ም. ከአናጢው ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

የአጫጭር ኮዶች ስብስባቸውን የጀመሩት በተቀጠሩበት ወር ነው። አንዱ ኮድ የተዘበራረቁ ቀኖችን ያስተካክላል፤ ሌላው የሺህ ፋይሎችን ስም በአንድ ትእዛዝ ይቀይራል፤ ሌላው ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሕመምተኛን ይለያል። ብዙዎቹ ከሃያ መስመር አይበልጡም። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ያልተፈለገ ኮድ አይቀመጥም። በእያንዳንዱም አናት ላይ ምን እንደሚሠራና የማንን ችግር ለማቃለል እንደተጻፈ በተራ ቋንቋ ያሰፍሩ ነበር። ባልደረቦቻቸው ስብስቡን «ጓዳው»፣ እርሳቸውን «እትዬ ጓዳ» አሏቸው። አዲስ ሠራተኛ ሲጨነቅ፣ «ምን ያለፋሃል? እትዬ ጓዳ ጋ አይጠፋም» ይባል ነበር።

በ1996 ዓ.ም. አሮጌ ፋይሎችን እንዲያጸዳ የጻፉት ኮድ የአንድ ሆስፒታልን የሁለት ቀን መዝገብ አጠፋ። በማንም አላሳበቡም። ካርድ ክፍሉ ውስጥ አራት ቀን ተቀምጠው፣ ከወረቀቱ እያነበቡ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ መረጃ በእጃቸው መልሰው አስገቡ። ከዚያ ወዲህ የጻፉት የሚያጠፋ ኮድ ሁሉ ሊያጠፋ ያለውን አስቀድሞ ይዘረዝራል፤ ፈቃድም ይጠብቃል። አንድ ስሕተት በእርሳቸው እጅ ለስንቱ መዝገብ ጠባቂ እንደሆነ ስናስብ ዛሬም እንደነቃለን።

በ2016 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ሥራቸውን ሲያቆሙ፣ ያሳሰባቸው ጓዳው ከእርሳቸው ጋር ተዘግቶ እንዳይቀር ነበር። ነርሷ ልጃቸው በየኮዱ አናት ያሉትን ማስታወሻዎች አንድ በአንድ ታነብላቸዋለች፤ ያልገባትን እንደገና ይጽፉታል። «አንቺ ከገባሽ ለማንም ይገባል» ሲሏት፣ «ስድብ ነው ምርቃት?» ትላለች። «ቀጣዩን አንብቢ።» አራት መቶ አሥራ ሁለቱም እስኪያልቁ አላረፉም። ከዚያም ለባልደረቦቻቸው አስረከቡ፤ አደራቸውም «ጨምሩበት» የሚል ብቻ ነበር።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። እናታችንን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኛን ሦስት ታናናሾቻቸውን ትተውናል። ለሌላው ድካም መላ ሲያኖሩ የኖሩትን ነፍስ፣ ፈጣሪ ድካም በሌለበት፣ በብርሃን ስፍራ ያኑርልን።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት ባልደረባቸው ለሦስተኛ ጊዜ የተፈለገ አንድ ኮድ፣ ማስታወሻውን ከአናቱ ጽፋ፣ በጓዳው አስቀምጣለች፤ ቁጥሩ አራት መቶ አሥራ ሦስት ነው።