ቅባት የሚወድ ድንጋይ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12።

በጣቴ ላይ ያለው ድንጋይ አልማዝ አይደለም።

ውድ አባዬ፣

ይህን በአፍ ልነግርህ አልቻልኩም። የአልማዝ መሞረጃው ብረት አርባ ዓመት ጆሮህ ሥር ሲጮህ ስለኖረ፣ አንተን ለማሰማት መጮህ ግድ ነው። ለአንተ የምናዘዘውን ደግሞ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ቀድመው ይሰሙታል። የመስሚያ መሣሪያህን «ትንኝ ይዘፍንበታል» ብለህ መሳቢያ ውስጥ ከተትከው። ስለዚህ እጽፋለሁ። ሐሙስ የዓይንህን ሞራ ያነሱልሃል። ደብዳቤውን ለባሌ ለሉዶ እሰጠዋለሁ፤ ፋሻው ሲፈታ ያቀብልሃል። በአዲሱ ዓይንህ መጀመሪያ የምታነበው የእሱን የብስክሌት ውድድር ጋዜጣ ከሚሆን ይህ ይሁን።

ለሰርጌ የሠራህልኝን ድንጋይ ታስታውሳለህ። ግማሽ ካራት፣ አምሳ ሰባት ገጽ። ክረምቱን ሙሉ ከቤታችን ጀርባ ባለችው የሥራ ክፍል፣ ለአንትወርፕ ነጋዴዎች የምትሠራውን ከጨረስክ በኋላ ነበር የምትቀመጥበት። አንዱ ገጽ አልገዛም ብሎ ሁለት ሳምንት አንገበገበህ። እናቴ እራት ስታቀርብ፣ «ሰውየው ድንጋዩን አግብቶ እኛን ፈቷል» ትል ነበር። በመጨረሻ ስትሰጠኝ፣ «ድንጋዩን የያዙትን ጥፍሮች በየዓመቱ ለወርቅ ሰሪው ለፎንስ አሳዪ» ብቻ ነው ያልከኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ አላሳየሁም።

ከጥፍሮቹ አንዱ የሹራቤን ክር እየሳበ ለአንድ ወር አስጠንቅቆኛል። ክሩን በመቀስ እየቆረጥኩ ተውኩት። ከዚያ አንድ ሐሙስ በምሠራበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሁለት መቶ ልጅ ድንች ልጠን ጨርሰን እጄን ስታጠብ፣ ቀለበቱ ላይ ባዶ ጉድጓድ አየሁ። የድንቹ ልጣጭ ሄዷል። በየቀኑ አንድ ገበሬ ለአሳማዎቹ ይወስደው ነበር።

እኔና ሉዶ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ገብተን ፈለግን። ገበሬው አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየናል። ሉዶ በእጁ ልጣጭ እያገላበጠ፣ «ማርሌን፣ ከእነዚህ አንዱ በልቶት ከሆነ በመላው ኔይለን እንደሱ ያለ ውድ አሳማ የለም» አለኝ። ሳቅኩ፤ ከዚያ እዚያው ጭቃው ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ለአንተ መንገር ነበረብኝ። ግን የጎረቤታችንን የሪክን ሚስት አስታወስኩ። በሃያ አምስተኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸው ቀን ቀለበቷን ዘርግታ ስታሳይህ ማጉያህን ከኪስህ አወጣህ፤ ሰው ሁሉ እየጠበቀ፣ «ይሄ የጠርሙስ ቂጥ ነው» አልካት። ሴትየዋ ኬኩ ሳይቆረጥ አለቀሰች። በመንገድ ላይ እናቴ ስትቆጣህ፣ «ጠየቀችኝ እኮ! ካልጠየቀችኝ ዝም እላለሁ» አልክ። ያን ቃልህን ያኔ አላስተዋልኩትም።

አንትወርፕ ሄድኩ። አንተን የሚያውቁህ ሰዎች በሞሉበት በባቡር ጣቢያው ሰፈር ሳይሆን በከተማው ሌላ ጫፍ ካለ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ ወጣት ናት። ሦስት አልማዝ መሳይ ድንጋይ በጥቁር ጨርቅ ላይ ደረደረችልኝ።

«ዚርኮኒያውን ተይው» አለችኝ እጄን አይታ። «የምትሠሪበት እጅ ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይጫጫራል፣ ይደበዝዛል። ይኼ ሞይሳናይት ነው። እንደ አልማዝ ባይሆንም እሱን የሚጭረው ነገር ብዙ የለም። ትልቁን ውሰጂ፤ እንዴት እንደሚያብለጨልጭ አየሽ?»

ትልቁ በመስኮቱ ብርሃን ቀይና ሰማያዊ ይረጫል፤ እንደ ጭፈራ ቤት መብራት።

«ትንሹን ስጪኝ። ነጭ የሆነውን፣ ቀለም የማይረጨውን።»

«ሁሉም ትንሽ ይረጫል። ትንሹ ላይ ያን ያህል አይታወቅም።»

«አልማዝ የሚያውቅ ሰው ቢያየው?»

«አልማዝ በሚፈትኑበት የሙቀት ብዕር ቢነካው፣ አልማዝ ነው ይለዋል።»

«እሱ ብዕር አይዝም። ማጉያ ነው የሚይዘው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ስንት ዓመት ሠርቷል?»

«አርባ።»

«እንግዲያው ጸልዪ።» ድንጋዩን በወረንጦ አንስታ ጋደል አደረገችልኝና በማጉያው አሳየችኝ። ከፊት ስታየው ምንም የለበትም። ከጎን ስታየው የኋላዎቹ ገጾች ጠርዝ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሰክሮ መስመር እንደሚያይ ሰው። «ጋደል ካላደረገው አያውቅም» አለች።

አንተ ጋደል አድርገህ ሳታይ ያስቀመጥከው ድንጋይ በሕይወትህ የለም።

እሁድ መጣ። ዓይንህ ላይ ሞራው ገና መጀመሩ ነበር፤ ተስፋዬን የጣልኩት በእሱ ላይ ነው። የአባቷ ዓይን ደክሞ እንዲሆን የምትመኝ ልጅ ምን እንደሚሰማት አልነግርህም። ትኩስ የእሁድ ዳቦ በልተን ስንጨርስ እንደልማድህ እጅህን ዘረጋህ፤ ቀለበቱን አውልቄ ሰጠሁህ። ማጉያህን አወጣህ። መስኮቱ ጋ ሄድክ። ከፊት አየኸው። ጋደል አደረግከው። ጀበናው ፈልቶ ክዳኑን ሲያንቀጫቅጭ አልሰማህም፤ ሉዶ ተነስቶ አጠፋው። እኔ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ይዣለሁ።

ዞር ብለህ፣ «ቆሽሿል» አልክ። «ለብ ያለ ውሃ አምጪ።»

«በቃ፣ አላየም» አልኩ በልቤ። ሉዶ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ጨበጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ግን አስተጣጠብህ ተለወጠ፤ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት። የድሮውን ድንጋይ አልፎ አልፎ ነበር የምታጥበው። ይሄኛውን በየእሁዱ። ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ። መጀመሪያ ከሥሩ ነው የምታሸው፤ «ቆሻሻ ከላይ አይገባም፣ ከታች ነው የሚደበቀው» እያልክ። ከዚያ በጥጥ ጨርቅ እስኪሞቅ ትወለውለዋለህ። አንዳንዴ ፊቱ ላይ ዝናብ በዘነበበት አስፋልት ላይ እንደሚታይ የነዳጅ ጠብታ ያለ ቀለም ይዞ አመጣልሃለሁ።

«ምን ነክተሽበት ነው?»

«ምንም። ቅቤ።»

«አውልቀሽ ነው ሊጥ የሚቦካው፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ! ይሄ ድንጋይ ቅባት ይወዳል።»

«ይሄ ድንጋይ» ነበር ያልከው። እኔን የምትወቅስ መስሎኝ ሳቅሁ።

ከሌላው ወርቄ ጋር እንዳላቀላቅለው ለብቻው የሚቀመጥበት ትንሽ የቆዳ ከረጢት ሰፋህልኝ። «ይጭርብሻል» አልክ። የትኛው የትኛውን እንደሚጭር አልጠየቅኩህም። ዓይንህ እየባሰ ሄዶ እኔን በመልኬ ሳይሆን እጄን በመዳሰስ መለየት ስትጀምር እንኳ እሁድን አልዘለልክም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በጣትህ ጥፍር ብቻ እየዳበስክ ነበር የምታጥበው።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ።

ሐኪሙ፣ «ከሐሙስ በኋላ እንደ ወጣት ያያል» ሲለን ሁሉም ደስ አለው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያሳለፍኩት በሞራህ ጥላ ሥር ተደብቄ ነው። ጠዋት ሉዶን፣ «ፎንስ ጋ ሄጄ እውነተኛ አልማዝ አስገባበታለሁ» አልኩት።

«አባትሽ የራሱን ድንጋይ አያውቅም ብለሽ ነው?» አለኝ።

«አልማዝ ይሁን እንጂ ስለ ሌላው ግድ የለኝም።»

«አንቺ፣ እሱን ብትተዪው ይሻላል» አለኝ። አልሰማሁትም።

ወርቅ ሰሪው ፎንስ አርጅቷል፤ አፉ ግን ያው ነው። «የጉስት ልጅ! አባትሽ አልሞተም? ድሮ ካርታ ስንጫወት አታሎ የበላኝን ገንዘብ ገና አልመለሰልኝም።» ሁሉን ነገርኩት፤ አሳማዎቹን ሳይቀር። ሳይስቅ ሰማኝ። አልማዝ ከመሳቢያው አወጣ፣ መጠኑን ለካ፤ ልክ ነው። ከዚያ ቀለበቱን ይዞ ጥፍሮቹን በማጉያ አየና መሣሪያውን አስቀመጠ።

«ይህን መክፈት አልችልም።»

«ለምን?»

«ሌላ ቦታ ውሰጂው።»

«ፎንስ፣ እስከ ሐሙስ ነው ያለኝ።»

«እጄን ሰጥቼ ቃል ገብቻለሁ አልኩሽ!»

አላለኝም ነበር፤ ግን አሁን አለ። አንተ ታውቃለህ እጅ መስጠት በእናንተ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፤ እጅ ለእጅ ተጨባብጣችሁ፣ ዕድል ይቅናህ ለማለት «ማዛል» ካላችሁ አልቋል፤ ተመልሶ የሚያፈርሰው ሰው ከዚያ በኋላ ድንጋይ የሚያሳየው አያገኝም።

«ለማን ነው እጅ የሰጠኸው?»

«ለማን ይመስልሻል?» ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «የዛሬ አራት ዓመት አንቺ ለሐሞት ከረጢት ሆስፒታል ስትገቢ ቀለበቱን እሱ ጋ ተውሽ፤ አይደል? በማግስቱ ብቻውን በአውቶቡስ መጣ። መንገዱን በዱላ እየዳበሰ። ‹ጥፍሮቹ አልቀዋል፣ አዲስ በይድልኝ› አለኝ። እኔ ድንጋዩን ላወጣ መሣሪያ አነሳሁ። የጉስትን አልማዝ እሳት ባስነካ ያርደኛላ! እጄን ያዘኝ። ‹ተወው፤ እዚያው እንዳለ እሳቱን ስደድበት። ቢጫ ይሆናል። እንዳትደነግጥ፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ብቻ በድንገት ውሃ ውስጥ እንዳትነክረው› አለኝ።»

ፎንስ ማጉያውን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረው።

«‹ጉስት፣ አልማዝ ከመቼ ጀምሮ ነው እንደዚህ የሚሆነው?› አልኩት። ‹አልማዝ ነው ያለህ ማን ነው? አፍህን ዘግተህ ሥራህን ሥራ› አለኝ። እሳቱን ሰደድኩበት። ቢጫ ሆነ፣ እንደ ሎሚ። እሱ እንኳ አያየውም፣ ግን ጎኔ ቆሞ ‹ሆነ?› ይለኛል። ‹ሆነ›። ‹ተመለሰ?› ‹ቆይ እንጂ!› ሲነጣ፣ ‹ተመለሰ› አልኩት። ከዚያ፣ ‹ጥፍሮቹን ወፈር አድርጋቸው። ይኼኛውም ከወደቀባት አትችለውም። እኔን ሳይጠይቅ ማንም እንዳይከፍታቸው› አለኝና እጁን ዘረጋ።»

«ለምን ምንም አላለኝም?» አልኩት።

«እሱን ጠየቅኩት። ‹ካልጠየቀችኝ ዝም እላለሁ› አለ።»

አባዬ፣ እኔ አልማዙን ያጣሁት አንድ ቀን ነው። አንተ የማልነግርህን ነገር በየእሁዱ በሳሙና ስታጥብልኝ ኖርክ። የጠርሙስ ቂጥ ነው አላልክም። በአንተ ልክ ያልሆነ ድንጋይ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚጎዳው ለብቻህ ተማርክለት፤ ማንን ጠይቀህ እንደሆን አንድ ቀን ትነግረኛለህ። አመሰግንሃለሁ። ይህን በፊትህ ብናገረው «እሺ፣ እሺ» ብለህ ወደ መስኮቱ ትዞራለህ፤ ስለዚህ በጽሑፍ ይኑርህ።

እሁድ ዳቦውን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ቀለበቱን እጅህ ላይ አስቀምጬ፣ «ምን ድንጋይ ነው?» ብዬ እጠይቅሃለሁ። በአዲሱ ዓይንህ ጋደል አድርገው። ያሰኘህን በለኝ።

የምጽፈው ከፎንስ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ተቀምጬ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ይታየኛል፤ አልማዙን በወረንጦ እንደያዘ ነው። ቀለበቱን ከጠረጴዛው አንስቼ ጣቴ ላይ ሳስገባ፣ «ታዲያ ይሄን ምን ላድርገው?» ብሎኝ ነበር።

«ወደ መሳቢያው መልሰው» አልኩት። ካፖርቴን በእጄ ይዤ፣ አንዱንም እጅጌ ሳላጠልቅ ወጣሁ።

ልጅህ፣
ማርሌን