በወይዘሮ እናናየሁ ፊት ላይ ስላረፈው ክብ ማኅተም

ለክቡር አቶ ወልደ ሰንበት
የትርኢቶች አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከተማችን ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ ወንበርዎም እንዳይቀዘቅዝብዎ ከልብ እመኛለሁ። ጤናዎ ለእኛ ለነዋሪዎች ብርቅ ነው፤ እርስዎ አንድ ቀን ቢታመሙ ምን ማየት እንዳለብን የሚነግረን ጠፍቶ ያገኘነውን ሁሉ በገዛ ዓይናችን ለማየት እንገደድ ነበርና።

ቢሮዎ በተመላለስኩ ቁጥር “ስብሰባ ላይ ናቸው” ስለተባልኩ፣ ምናልባት ስብሰባው ላይ የሚያነብ ሰው ይኖር ይሆናል በሚል ተስፋ ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ግድም የፊዚክስ መምህር የነበሩት ነፍሳቸውን ይማርና መምህር ወርቅአገኘሁ፣ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ “የሰማይ ምራት” የተባለ የጠፈር ፊልም ሠሩ። ከሌላ ኮከብ የወረደች ልጃገረድ እዚያው አንኮበር ያለችውን የጎረቤላን ሰው አግብታ ከአማቷ ጋር ስትኖር የሚሆነውን የሚያሳይ ነው። መንኮራኩሩ ከሁለት በርሜልና ከአንድ የዲሽ ሳህን የተሠራ ሲሆን፣ ጭሱን የአንኮበር ጉም በነጻ ችሎታል። ፊልሙ ረጅም ስለነበር ቪዲዮ ቤቶች በቀን ብዙ ዙር ለማሳየት ብለው አሳጠሩት፤ ሲያሳጥሩትም አማቲቱን ከነነፍሷ ቆርጠው ጣሏት። ሕዝቡ የሚያውቀው ይህን አጭሩን ነው፤ ረጅሙ ከገበያ ጠፋ። ስለዚህ አማቲቱን ሆነው የተጫወቱት የጎረቤላዋ ወይዘሮ እናናየሁ፣ ራሳቸውን በፊልም አይተው አያውቁም ነበር።

እኔና ቴሌቪዥን ጠጋኙ ጓደኛዬ ቴዎፍሎስ ረጅሙን ፍለጋ ወጣን። አንድ ካሴት ደብረ ሲና ከሹፌሮች ምግብ ቤት ተገኘ፤ ድምፁ ደህና ነው፣ ምስሉን ግን ሻጋታ በልቶታል። ሌላው አረርቲ ተገኘ፤ ምስሉ ጥሩ ነው፣ መሐሉ ላይ ግን የሰው ሠርግ ተቀድቶበታል። የአንዱን ምስል ከሌላው ድምፅ ጋር ከንፈር ለከንፈር እያገጣጠምን፣ ሠርጉ የሸፈነውን በሻገተው እየደፈንን፣ ጭረቱን በየምስሉ እየጠረግን ከክረምት እስከ ክረምት ሠራን። የመምህሩ ባለቤት ፈቀዱልን፣ መረቁንም። የቀረን የእርስዎ ምርቃት ብቻ ነበር። እሱም ደረሰን፤ ለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ኮሚቴዎ “ምስሉ ጭጋጋማ ስለሆነ ጭጋጉ ይወገድ” ብሎ ጽፎልናል። ነገሥታት ከተማ ቆርቁረው ያላስለቀቁትን የአንኮበርን ጉም በአንድ ቃለ ጉባኤ ለማስለቀቅ የተነሣ ኮሚቴ በታሪክ የመጀመሪያው ስለሚመስለኝ፣ እንደ አካባቢው ተወላጅ ኮርቻለሁ።

፪ኛ. የሰማይ ወታደሮች ከአንድ አውራ በግ የሚሸሹበት ትዕይንት “ገጽታ ያጎድፋል” ተብሎ እንዲወጣ ታዟል። የተጎደፈው የማን ገጽታ እንደሆነ፣ የሰማዩ ይሁን የበጉ፣ አልተገለጸልንም። በጉ እንደሆነ ከሁሉም የተሻለ ተጫውቷል።

፫ኛ. ማኅተም የሌለው ሰነድ ሕጋዊ አይደለም፤ ፊልም ሰነድ ነው፤ ሰነድ ደግሞ በየገጹ ይታተማል። ይህን ያህል ለእኔም ይገባኛል። ያስደነቀኝ ግን ፊልም በሰከንድ ሃያ አምስት ገጽ እንዳለው ያወቀ ሰው ቢሮዎ ውስጥ መገኘቱና፣ ከመጀመሪያው ምስል እስከ መጨረሻው፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ሰፌድ የሚያህል ወይን ጠጅ ማኅተም ማሳረፉ ነው። በከተማው አዳራሽ የሚታየው በእናንተ እጅ ያለው ቅጂ ብቻ ነው ስለተባለ፣ እኛም ይህን ያወቅነው ከተመልካቹ ጋር መብራት ሲጠፋ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወይዘሮ እናናየሁ በዚያ ቀን ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ ነጭ ለብሰው ከጎረቤላ መጥተው ከፊት ተቀምጠው ነበር። የዓይናቸው ብርሃን ከዳር ከዳር እየተዘጋ ነው፤ ሐኪሙም እንደማይመለስ ነግሯቸዋል። የቀራቸው መሐሉ ብቻ ነው፣ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ። የፊልሙ መሐል ደግሞ የእርስዎ ነው። አዳራሹ ማኅተሙን ሲያይ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ብዙ ቆይተው እጄን ያዝ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ መንኮራኩሩ ገና አልሄደም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ለካ ክቡን ማኅተምዎን መንኮራኩር አድርገውት ኖሯል። ሲያልቅም ለጎረቤቶቻቸው፣ «መንኮራኩሩስ ያምራል፤ እኔ ግን የወጣሁ አልመሰለኝም» አሏቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ቪዲዮ ቤቶቹ እኒህን ሴት ለትርፍ ብለው አንዴ ቆረጧቸው። እርስዎ ያለ ምንም ትርፍ ደገሙት። ለዚህ ንጽሕናዎ ቃል የለኝም።

፬ኛ. ሁለቱ ካሴቶቻችን “በቅርስነት እንዲጠበቁ” ተወስደው ጣሪያው በሚያፈሰው ክፍላችሁ፣ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። የደብረ ሲና ሻጋታ በሃያ ምናምን ዓመት ያልጨረሰውን ሥራ የእርስዎ ቢሮ በአንድ ክረምት እንደሚጨርሰው አልጠራጠርም። ይህን ግን ያለ ቀልድ እጠይቃለሁ፦ ካሴቶቹን ይመልሱ። የኛን ሥራ የሚያርም ሰው ነገ ቢነሳ መመለሻው እነሱ ብቻ ናቸውና።

“ማኅተም የሌለባቸው ቅጂዎች በሙሉ ይረከቡ” የሚለው ትእዛዝዎም ደርሶኛል። ታዛዥ ዜጋ ነኝ፤ የቀረው ቅጂ ግን ትእዛዙ ሳይደርስበት ወደ ጎረቤላ ሄዶ ነበር። ባለፈው እሑድ በወይዘሮ እናናየሁ ግድግዳ ላይ አንሶላ ዘረጋን። ወንበራቸውን አስጠጋን፤ ቴዎፍሎስም ፊታቸው በቀራቸው ብርሃን መሐል እስኪገባ ድረስ ማሳያውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲያንፏቅቅ ቆየ። አማቲቱ የሰማይ ምራቷን ፀጉር አሽትታ፣ «ጭስ ጭስ የማትል ልጅ የማን ልጅ ናት?» የምትልበት ቦታ ሲደርስ፣ ወይዘሮ እናናየሁ ቃሉን ከፊልሙ ቀድመው አሉት። ቀጥሎ ወደኛ ዞረው ተቆጡ፦ «ይህን ያህል ቆንጆ ነበርኩና ዝም ትሉኛላችሁ?»

ይህ ወንጀል ከሆነ ፈጽሜዋለሁ፤ እደግመዋለሁም። ካሴት ላቆዩልን ለደብረ ሲናና ለአረርቲ ሰዎችም ሄጄ አሳያለሁ። ለመከልከል የሚመጡ ከሆነ ከፊት ወንበር እናስቀምጥልዎታለን፤ እስከ መጨረሻው ካዩ በኋላ ይከለክሉናል።

የማያልፍ ክብር፣ የማይነቃነቅ ወንበር፣ የማይደርቅም ቀለም እየተመኘሁልዎ፣ ፊርማ እንጂ ማኅተም የሌላት አክባሪዎ፣

ሥርጉት ኃይለ ገብርኤል
ደብረ ብርሃን

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጉ የሚያሳድድበት ትዕይንት እንዳለ ነው፤ አልቆረጥነውም። ጭረቱ ሲጠረግ፣ ከሚሸሹት የሰማይ ወታደሮች የአንዱ የካርቶን ቆብ ወልቆ ሲወድቅና የአንድ ቀጭን ተማሪ ፊት ሲገለጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጎረቤላ ሰዎች ባንድ አፍ፣ «እንዴ! ይኼ ወልደ ሰንበት አይደለም?» አሉ፤ ወይዘሮ እናናየሁም ፊቱን መሐል አድርገን ደጋግመን እንድናሳያቸው አዘዙን። ያ ፊት ማኅተም የለበትም። እንዲያርፍበት ከፈለጉ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡልን፤ ለጊዜው ግን እኔና ቴዎፍሎስ ስብሰባ ላይ ነን።