ከፎቶው የተቆረጠችው ሴት

የኔ እናት፣ እንደምን ከርመሻል? የሰው ፊት አያሳይሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። የጣሪያው ቀዳዳ ተደፍኗል፤ አባትሽም ስለ ጉልበቱ ማጉረምረሙን አልተወም።

ለጥናትሽ የድሮ የኮሌጅ ተማሪዎችን ፎቶ ፈልጊልኝ ስላልሽኝ የአባትሽን አልበም አወጣሁ። ሲያየኝ ሳሉ ተነሣበት። ተማሪ ሳለ ትሪ ይዞ የተነሣውን፣ ያንን ጎኑ የተቆረጠውን ፎቶ ታውቂዋለሽ። "አጠገብህ የነበረችው ማናት?" ባልኩት ቁጥር "ምስጥ በልቶት ነው" ይለኛል። ምስጥ እንደ መቀስ ቀጥ አድርጎ ሲበላ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንዲት ቆንጆ ተማሪ ናት እያልኩ ሠላሳ ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ።

ማክሰኞ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ጠባቂው ቦርሳዬን በር ላይ አስቀረብኝ፤ ሌባ መስዬው መሰለኝ። የድሮውን የተማሪዎች ጋዜጣ ሳገላብጥ ያው ፎቶ ሙሉውን ወጥቶ አገኘሁት። አባትሽ ትሪውን ይዞ ቆሟል። አጠገቡ ሽርጥ ታጥቃ፣ ጭልፋ ይዛ የምትስቀው እኔ ነኝ! ያኔ ለተማሪዎቹ ምግብ የማድለው እኔ ነበርኩ፤ ፎቶ መነሣቴ ግን ትዝም አይለኝ። ከሥሩ "ተማሪዎች በምሳ ሰዓት" ይላል እንጂ እኔን አያነሣም።

ታዲያ ለምን ቆረጠኝ? ከወጥ ቤት ሠራተኛ ጋር መታየት አሳፍሮት ነው፣ ወይስ ፊቴን በኪሱ ይዞ ሊዞር? እኔ ብጠይቀው ያንን ምስጡን ይጠራብኛል። ላንቺ አይዋሽም። ስትደውይለት በዘዴ አውጣጪው፤ እኔ እንደላክሁሽ ግን እንዳትነግሪው።

እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ ልጄ። በኪሱ ይዞኝ ከሆነ ዛሬውኑ ደውዪልኝ። አሳፍሬው ከሆነ ግን "ጥናቴ ገና አላለቀም" በይኝ።