«ክፍል የለም» ያሉት ባለ ፔንሲዮን፦ የወ/ሮ ሙሪየል ክራብትሪ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ሙሪየል ክራብትሪ ከአባታቸው ከአቶ ዊልፍሬድ ስታይንተንና ከእናታቸው ከወ/ሮ አዳ ሆልደርነስ፣ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሳንድሆልም ከተማ እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1938 ተወለዱ። አባታቸው በበጋ የእንግዳ ልጆችን በአሸዋው ላይ አህያ እያስጋለቡ፣ በክረምት የሰው ጣሪያ እየጠገኑ ቤታቸውን ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ።

ወ/ሮ ሙሪየል ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ታናሽ እህታቸው ወ/ሮ ቤሪል ተወለዱ። ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ የወ/ሮ ሙሪየል ታሪክ ያለ ወ/ሮ ቤሪል አይነገርም። እህትማማቾቹ ያደጉት አንዲት መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ቤሪል ደረታቸው ደካማ ስለነበር ሐኪሙ ንጹሕ አየር አዘዘላቸውና በመስኮቱ በኩል ያለው፣ ባሕሩን የሚያየው አልጋ ለእሳቸው ሆነ። ወ/ሮ ሙሪየል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ጠዋት ጠዋት ታናሽየዋ «ዛሬ ባሕሩ ሰማያዊ ነው» ብለው ሲያበስሩ፣ ታላቅየዋ «ጠየቅኩሽ?» ይሉ ነበር። ይህ የመስኮት ነገር ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላም ሲነሳ ሻይ አስቀምጠው የሚከራከሩበት ጉዳይ ነበር።

ትምህርታቸውን እዚያው በሳንድሆልም እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ተከታትለው፣ ወደ ባሕሩ ዘልቆ ከሚገባው የመዝናኛ ድልድይ አጠገብ በነበረው ትልቅ ሆቴል በአልጋ አንጣፊነት ተቀጠሩ። የአንሶላ ጠርዝ እንዴት እንደሚታጠፍና ጠዋት የከፋው እንግዳ በምን እንደሚታረቅ የተማሩት እዚያ ነው። በ1961 በድልድዩ ላይ የነበረውን የልጆች መሽከርከሪያ የሚጠግኑትን አቶ ሊዮናርድ ክራብትሪን አገቡ። ወ/ሮ ቤሪልም በዚያው ዓመት ተዳሩ። የቤሪል የሰርግ ኬክ በአንድ ደርብ ይበልጥ እንደነበር ለልጃቸው የነገሯት ሟቿ ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ሳትጠይቃቸው።

በ1964 ወ/ሮ ሙሪየልና ባለቤታቸው ባለ ስድስት ክፍል ቤት ገዝተው ፔንሲዮን ከፈቱ። ደስታቸው አንድ ወር እንኳን አልቆየም። ወ/ሮ ቤሪልና ባላቸው ከመንገዱ ማዶ ያለውን የማዕዘን ቤት ገዙ። ከቤሪል ቤት ላይኛው ፎቅ ባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከወ/ሮ ሙሪየል መስኮት የሚታየው የቤሪል መጋረጃ ነው።

በዚያ መንገድ ባለ ፔንሲዮኖች ሁሉ መስኮታቸው ላይ ካርድ ይሰቅላሉ፤ በአንዱ ገጽ «ክፍል አለ»፣ በሌላው «ክፍል የለም» ይላል። አመሻሽ ላይ ሴቶቹ ደጃፍ ለመጥረግ ብለው ይወጡና የጎረቤታቸውን ካርድ ያነባሉ። ቤቱ የሞላበት ሰው ደግሞ የተረፈውን እንግዳ ክፍል ላለው ጎረቤት መላክ ወግ ነው። ወ/ሮ ቤሪል ባሕሩን ይዘው ሁልጊዜ ቀድመው ይሞሉና ትርፉን ወደ እህታቸው ይልኩ ጀመር። «እህቴ ጋ ሂዱ፣ እሷ ጋ አይጠፋም» የሚለው ቃላቸው ለእንግዳው ደግነት ነበር፤ ወ/ሮ ሙሪየልን ግን እንደ እሾህ ወጋቸው። ጥቂት ወራት ቻሉት። ከዚያ አንድ ቀን ሦስት ክፍል ባዶ ተቀምጦ ሳለ ካርዱን ገልብጠው «ክፍል የለም» የሚለውን ሰቀሉት።

አቶ ሊዮናርድ ከሥራ ገብተው ካርዱን ሲያዩ «እሰይ፣ ሞላልን እንዴ?» አሉ።

«አልሞላም፤ የእሷን ትርፍራፊ ግን አልቀበልም» አሏቸው።

አቶ ሊዮናርድ በጣም ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ፤ ኮፍያቸውን ሰቅለው ራታቸውን በሉ።

ካርዱ በዚያው ቀረ። ደግነቱ የወ/ሮ ሙሪየል ቤት የራሱ ደንበኛ ነበረው። በጭስ የደረቀውን ዓሣ በቅቤ ጠብሰው የሚያቀርቡበት ቁርስ ስሙ የወጣ ስለነበር፣ በየዓመቱ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ክፍል የሚያርፉ ቤተሰቦች ነበሯቸው። ከእነዚህ በቀር ግን የመንገድ እንግዳ ካርዱን እያየ አለፈ። ከዚያ ሰው ሁሉ በአውሮፕላን ወደ ሞቃቱ የስፔን ባሕር መሄድ ሲለምድ የሳንድሆልም ገበያ ሞተ። ድልድዩ ዝጎ ተዘጋ፤ መሽከርከሪያው ተፈታ። በ2001 አቶ ሊዮናርድ አረፉ። ወ/ሮ ሙሪየል ቀለሙ በተላጠ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ፤ ካርዱ ግን አሁንም «ክፍል የለም» ይላል። ልጃቸው ጆሴሊን «እማዬ፣ ቤቱን ልትሸጪው ነው እንዴ? ካርዱን አውርጂው እንጂ» ብትላቸው፣ «ቤሪል ሳታወርድ?» ብለው መለሱላት። የቤሪል ካርድ ግን እውነቱን ነበር የሚናገረው፤ ሲሞላባቸው «ክፍል የለም»፣ ባዶ ሲያድር «ክፍል አለ» ይል ነበር።

በኋላ የአውራጃው ምክር ቤት ነቃ። ድልድዩ ሊጠገን፣ ባሕር ዳሩ በእንጨት ወለል የእግር መንገድ ሊሠራለት፣ የወፍ ተመልካቾች ጀልባ ሊቆም፣ የፔንሲዮኖቹም ፊት በምክር ቤቱ ወጪ ሊታደስ ሆነ። እድሳቱ የሚጀምረው ክፍላቸው ባዶ ከሚያድርባቸው ቤቶች ነው ተባለ። አንድ የምክር ቤቱ ሰው በነሐሴ መጨረሻ መንገዱን እየዞረ የመስኮት ካርድ ማየት ጀመረ። ወ/ሮ ሙሪየል ከላይ ሲመጣ አዩት። ያለ ምንም ማጋነን ቤታቸው የሚተርፈው ወይም የሚሸጠው በዚያች ካርድ ነበር። ሊገለብጡት እጃቸውን ዘረጉ። ቀና ሲሉ ቤሪል መጥረጊያቸውን ተደግፈው ከማዶ ቆመዋል። እጃቸውን መለሱ።

ሰውየው ካርዱን አንብቦ «ማለፊያ ነው፣ እኚህስ አልቸገራቸውም» ብሎ አለፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በመጪው ጸደይ የመንገዱ ቤቶች አንድ በአንድ ተቀቡ። በዚያ ነሐሴ «ክፍል አለ» የሚለውን ሰቅለው የነበሩት ወ/ሮ ቤሪል ባሕሩን የሚመስል ሰማያዊ መረጡ፤ ወ/ሮ ሙሪየል ያንን ሰማያዊ ላለማየት መጋረጃቸውን በጠራራ ፀሐይ ዘጉ። ለሰውም የቀለሙ ሽታ አሞኛል አሉ።

ድልድዩ በግንቦት 2009 ተመርቆ ሲከፈት ሳንድሆልም በሰው ተጥለቀለቀች። አመሻሽ ላይ ዝናብ ወረደ፤ አንድም አልጋ አልተረፈም። ወ/ሮ ቤሪል ሁለት ሕፃናት የያዙ ባልና ሚስትን በአንድ ጃንጥላ አስጠልለው መንገዱን ተሻገሩና የእህታቸውን በር አንኳኩ።

«ካርዱ አይታይሽም?» አሉ ወ/ሮ ሙሪየል በሩን ገርበብ አድርገው።

«ዓይኔ ደህና ነው። ከእኔ መስኮት ባሕሩ ብቻ የሚታይ መሰለሽ? ያንቺም ክፍሎች ይታያሉ። ስንት ዓመት ሙሉ መብራት የማይበራበት ቤት ሞልቷል ትይኛለሽ? ልጆቹ ራሱ፣ ክፈች!»

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር አፍረሽ ቤቱን ሸጠሽ ትጠፊያለሽ። ከዚያ ከማን ጋር ልጣላ?»

በሩ ተከፈተ። እንግዶቹ ጠዋት ዓሣውን በልተው ሁለት ቀን ጨመሩ። ነገሩ ግን በፍቅር አላለቀም። ወ/ሮ ቤሪል በሳምንቱ የምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ብድግ ብለው፣ ሕዝብ እየሰማ «የእህቴ ቤት ባዶ ነው፤ ካርዷን አትመኑ» አሉ። ወ/ሮ ሙሪየል በኀፍረት ለወራት አላናገሯቸውም። እድሳቱን ግን አልመለሱም። ቀለም ምረጡ ሲባሉ፣ ከመንገዱ ማዶ ዓይን የሚወጋ ቢጫ መረጡ። ወ/ሮ ቤሪልም መጋረጃ ገዙ።

ከዚያ በኋላ ወፍ ሊያዩ የሚመጡት ሰዎች በጠዋት ተነሺ ስለሆኑ ቁርስ የሚያውቅ ቤት ፈለጉ፤ ቢጫው ቤት ሞላ። የሚገርመው፣ ወ/ሮ ቤሪል በተራቸው በቅናት መብሰልሰል ጀመሩ። አንድ ቀን ለጆሴሊን «የእኔ እንግዳ ባሕሩን አይቶ ይሄዳል፤ የእናትሽ እንግዳ እሷን ብሎ ተመልሶ ይመጣል። እኔን ብሎ የመጣ ማን አለ?» ብለዋታል። ጆሴሊን ይህን ለእናቷ ስትነግራቸው ወ/ሮ ሙሪየል ደገሚልኝ አሉ። ደገመችላቸው። የዚያን ቀን በደስታ ኬክ ጋገሩ፤ ግማሹንም ለቤሪል ላኩ።

ወ/ሮ ሙሪየል በልብ ድካም ሕመም ከ2021 ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሆስፒታል ሲገቡ የደረሳቸው ከግድግዳው ጋር ያለ አልጋ ነበር። ወ/ሮ ቤሪል በምርኩዝ መጥተው ቦታዋን ካልለወጣችሁላት አልሄድም ብለው ነርሶቹን ሞግተው የእህታቸውን አልጋ ወደ መስኮቱ አስዞሩ። ወ/ሮ ሙሪየል አንገታቸውን አቅንተው አዩ፤ የመኪና ማቆሚያ ነው።

«ባሕሩስ?» አሉ።

«አታማርሪ፣ መስኮት ነው» አሏቸው።

ወ/ሮ ሙሪየል የእህታቸውን እጅ ይዘው ሳቁ። መጋቢት 3 ቀን 2022፣ በተወለዱ በ83 ዓመታቸው፣ በዚያው መስኮት አጠገብ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወ/ሮ ሙሪየል የአንዲት ሴት ልጅ እናትና የአንድ ወንድ ልጅ አያት ነበሩ። ልጃቸው ጆሴሊን፣ የልጅ ልጃቸው ኦወንና እህታቸው ወ/ሮ ቤሪል ኦልድሮይድ በሐዘን ላይ ናቸው። ገና ገበያ ባልተከፈተበት በዚህ ብርድ፣ ያ ቁርስ ያሳደጋቸው ደንበኞች ከየአገሩ መጥተው ስድስቱንም ክፍል ይዘዋል። ወ/ሮ ቤሪል የራሳቸውን አልጋ እንኳን ለለቀስተኛ ለቀው በእህታቸው ቤት ሶፋ ላይ እየተኙ ነው። ትናንት ካርዱን ፈልገው አቧራውን በመዳፋቸው ጠርገው መስኮቱ ላይ የሰቀሉትም እሳቸው ናቸው። «ክፍል የለም» ይላል፤ የእውነት የለም።

በአባቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ ያለን ጌታ የወ/ሮ ሙሪየልን ነፍስ በደጁ ይቀበልልን፤ ለሐዘንተኞቹም መጽናናትን ይስጥልን። በዚያ ቤት ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ከተሰጣቸው፣ በዚህኛው ጊዜ ቀድመው የገቡት ወ/ሮ ሙሪየል ናቸውና፣ መስኮቱ የእሳቸው ነው። ይህን ጻፉልኝ ያሉት ወ/ሮ ቤሪል ናቸው።