ሳሙና የተደረደረበት ቦርድ

ሐሙስ፣ ጁን 2፣ 2022

ዛሬ የምሠራበት የስፖርት ዕቃ ሱቅ አንድ ደንበኛ መጥቶ ማስኩን አገጩ ላይ አወረደና፣ "መንሸራተት በደንብ እችላለሁ፤ ለየትኛውም በረዶ የሚሆን አንድ ስኖውቦርድ ምረጪልኝ" አለኝ። ቅዳሜ ድንበር ተሻግሮ ሌሶቶ ተራራ ላይ፣ ቦርዱ ላይ ቆሞ በረዶ ሊንሸራተት ይሄዳል። ውድ ውዶቹን አልፌ፣ ጠጣር በረዶ ላይ ጠርዙ የሚነክስ፣ ለስላሳው ውስጥ የማይሰምጥ ሰጠሁት። ለራሴ የመረጥኩት ነበር። "አንቺስ ዘንድሮ አትመጪም?" ሲለኝ "ሥራ በዛብኝ" አልኩት። እዚህ ደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮው በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ የስደተኛ የጉዞ ሰነዴ እንዳልታደሰ ለእሱ ማስረዳት አስጠላኝ።

ከሥራ በኋላ ዳቬይተን ሰፈር፣ አባዬ ስፓዛ፣ ትንሿ የሸቀጥ ሱቁ ጎራ አልኩ። ድንበር መሻገር ካቆምኩ ጀምሮ አሮጌው ቦርዴ የእሱ መደርደሪያ ነው፤ ሳሙናና ዳቦ ተሸክሟል። ሁለት ብረት ላይ እንዲሁ ጋደም አድርጎት፣ "ጌታ በር ሲከፍት አንስተሽ ትሄጃለሽ" ይለኝ ነበር። በየእሁዱ ቸርች ለወረቀቴ ያስጸልያል። እኔ አንድም ቀን አላመንኩም፤ እሱ ማመኑ ግን ይበቃኝ ነበር።

ዛሬ ቦርዱን ነካ ሳደርገው ንቅንቅ አላለም። አራት ቦታ በስቶ ከብረቶቹ ጋር በብሎን አስሮታል።

"እየተንሸራተተ አስቸገረኝ እኮ ልጄ" አለኝ፣ ሳያየኝ።

በዚህ እሁድም ለወረቀቴ ያስጸልይ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።